ሲመለስ ያየው የለም

ሟቹ ወድቆ በተገኘበት ቦታ ላይ ሣር ነበር።

ዙሪያው በሙሉ ከሰል ሆኗል። ቁጥቋጦው፣ ጉቶው፣ ሌላው ቀርቶ የምስጡ ኩይሳ እንኳ ጠቁሯል። መሃል ላይ ግን የአንድ ሰው ቁመት ያህል ቢጫ ሣር እሳት ሳይነካው ቀርቷል። ሰውየው በላዩ ተኝቶ ስለነበር ነው የተረፈው። ሬሳው ከተነሣ ሳምንት ቢያልፍም ሣሩ እንደተጋደመ ነው።

መርማሪዋ ታጣፊ ወንበሯን ዘርግታ አጠገቡ ተቀመጠች። ጉልበቷን ስለሚያማት የትም ስትሄድ ወንበሯን ይዛ ነው፤ በየጣቢያው «ባለወንበሯ መጣች» ከተባለ ሰው ሞቷል ማለት ነው። ሥራዋ ሰደድ እሳት ሲያጠፉ የሞቱ ሰዎች እንዴት እንደሞቱ ማወቅ ነው። ተወዳጅ ሥራ አይደለም። ምሳ የሚጋብዛት እንኳ የለም።

አጠገቧ የቆመው የጓዱ መሪ ነው። ሻለቃ ይሉታል። ወታደር ሆኖ አያውቅም፤ ማዕረጉን ያገኘው በጩኸቱ ነው። ዛሬ ግን ድምፁ ከጉሮሮው አልወጣ ብሎታል።

«ማን አገኘው?» አለች መርማሪዋ።

«እኔ ነኝ። ሌሎቹን መንገዱ ላይ አስቀርቼ ብቻዬን ወጣሁ። ታናሽ ወንድሙ አብሮን ነበር። እንዲያ ሆኖ እንዲያየው አልፈለግሁም።»

«ደግ አድርገዋል። እስቲ ከመጀመሪያው ይንገሩኝ።»

ሻለቃ ነገራት። የዚያን ቀን እሳቱ ከኮረብታው አናት ተነሥቶ ቁልቁል ወደ መንገዱ ይወርድ ነበር። ጓዱ መንገዱን ይዞ ቀዳሚ እሳት ለመለኮስ ተዘጋጀ፤ ትልቁ እሳት ከመድረሱ በፊት ከመንገዱ በላይ ያለውን ሣር ራሳቸው አቃጥለው፣ የሚበላው አጥቶ እንዲቆም ለማድረግ ማለት ነው። አንዲት ቃፊር ከእነሱ በላይ ኮረብታው ላይ ሆና፣ ቀድሞ በተቃጠለ መሬት ላይ ቆማ፣ የእሳቱን አካሄድ ትከታተል ነበር። የሬዲዮዋ ባትሪ እየደከመ ስለሄደ ሌላ የሚያደርስላት ሰው ተላከ። የተላከው ሟቹ ነው። በየበሩ ጎንበስ ብሎ የሚገባ ሰው ስለነበር ረጅሙ ነበር የሚሉት።

«ባትሪውን ሳያደርስ ተመለሰ» አለ ሻለቃ። «መመለሱ በሬዲዮ ተነገረኝ፤ እኔም ለኩሱ አልኩ። እሱ ለካ መጋዙን ኮረብታው ላይ ረስቶ ኖሯል። ለማንም ሳይናገር ዳግመኛ ወጣ። ትልቁ እሳት ከላይ መጥቶ እዚህ ጋ ያዘው። ለአንድ መጋዝ ብሎ!»

«የእናንተ ቀዳሚ እሳትስ? እዚህ ድረስ ወጥቶ ነበር?»

«አልወጣም። ከታች ነው የቆመው።»

መርማሪዋ አጎንብሳ በሣሩ ዙሪያ ያሉትን ድንጋዮች ተራ በተራ ዳሰሰች። በመንገዱ በኩል ያለው ጎናቸው በጥላሸት ተለብጧል። በኮረብታው በኩል ያለው ግን ግራጫነቱን አልለቀቀም። ከዚያ ሣሩን አየችው። ወደ ኮረብታው በኩል ትከሻ ያህል ይሰፋና ወደ መንገዱ እየጠበበ ይሄዳል።

«እግሩ ወዴት ነበር?»

«ልብ አላልኩም።»

ዕድሜውን ሙሉ እሳት ሲያነብ የኖረ ሰው ልብ አላልኩም ማለቱን መርማሪዋ ልብ አለች።

«ሲመለስ አይተውታል?»

«በሬዲዮ ተነገረኝ አልኩዎት እኮ።»

«ሰምቻለሁ። በዓይንዎ አይተውታል ወይ ነው የምለው።»

ሻለቃ ወደ መንገዱ ዞረ። «ሁለት መኪና ነበረን። በወዲያኛው በኩል ያለ መሰለኝ» አለ።

ጣቢያው ሲደርሱ ግቢው ጭር ብሏል። ሰዎች አሉ፤ ግን ቱቦ የሚጠቀልለው ቱቦውን፣ ጫማ የሚወለውለው ጫማውን ብቻ ያያል። በረንዳው ላይ የተሰቀለው ሬዲዮ ድንገት ሲያንኮሻኩሽ ሁሉም እጁ ባለበት ይቆማል። ሬዲዮው ጸጥ ሲል ደግሞ ማንም ምንም እንዳልሰማ ወደ ሥራው ይመለሳል። መርማሪዋ ይህን ደጋግማ አየች፤ ደስ አላላትም።

ከዋናው መሥሪያ ቤት ስልክ ተደወለላት። አለቃዋ ነው። «ጥፋተኛው ታወቀ? ሰውየው ትእዛዝ ጥሶ ነው ይላሉ። እንደዚያ ከሆነ ፋይሉን ልንዘጋው እንችላለን።»

«ሰውየው እንዴት እንደሞተ ገና አላወቅሁም» አለችና ስልኩን ዘጋች። ከአለቃዋ ጋር የማይስማሙበት ነገር ብዙ ነው፤ ይኼኛው ግን ይብሳል።

መጀመሪያ ያነጋገረችው የሬዲዮ ሠራተኛውን ነው። በሥራ ላይ ቀኑን ሙሉ መኪና ውስጥ ተቀምጦ የሚያዳምጥ፣ ወፈር ያለ ጎልማሳ ነው። ጆሮ ይሉታል፤ በስሙም ይኮራል።

«ረጅሙ መመለሱን ማን ነገረህ?»

«ጭልፊት ናታ፤ ቃፊሯ። ‹ረጅሙ ተመለሰ› አለች። እኔም ለሻለቃ ‹ረጅሙ ተመልሷል› ብዬ አስተላለፍኩ። ይኸው ነው።»

«በደንብ ሰምተሃታል?»

«እንዴት አልሰማም! ስጠብቀው የነበረ ቃል እኮ ነው። ሻለቃ ‹ተመለሰ ወይ? ተመለሰ ወይ?› እያለ ነፍሴን አውጥቶት ነበር።»

«ሬዲዮው ግን ይቆራረጣል ይባላል።»

ጆሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለ። «መቆራረጥ ብቻ! ባትሪ ለመቆጠብ ሲሉ ቃሉ ከአፋቸው ሳይወጣ ቁልፉን ይለቁታል። ሁሉም የቃሉን ጭራ ይበሉታል፤ እኔ እሞላዋለሁ። ‹ውሃ አል› ካሉኝ ‹አልቋል› ነው። ‹መንገዱ ተዘ› ካሉኝ ‹ተዘግቷል› ነው። ሌላ ሰው ቢቀመጥበት አንድም ነገር አይገባውም። ጆሮ ያሉኝ ለዚህ ነው።»

«አዲስ ባትሪ አትጠይቁም?»

«ጠይቀን ጠይቀን ተውነው።»

«ሲመለስ ግን አይተኸዋል?»

«በጭሱ ምክንያት መስኮቱን ዘግቼ ነበር። ግን ጭልፊት አየሁት ካለች አየችው ነው። ዓይኗ አይስትም።»

ከእሱ ተለይታ ወደ መጋዘኑ ሄደች። አንድ ቀጭን ወጣት ሰው ጥግ ላይ ተቀምጦ የሞተር መጋዝ ጥርስ ይሞርዳል። የሟቹ ታናሽ ወንድም ነው። የጓዱ እሳት ለኳሽ እሱ ስለሆነ ክብሪት ይሉታል፤ የዚያን ቀን ቀዳሚውን እሳት የለኮሰው እሱ ነው። መጋዙ ስለቱ ከመጠን በላይ ሆኗል፤ እሱ ግን መሞረዱን አልተወም።

«የማን መጋዝ ነው?»

«የወንድም ጋሼ።»

መርማሪዋ ወንበሯን ዘረጋች። «ላይ ረስቶት የነበረው?»

«አልረሳውም። የዚያን ቀን ጠዋት እኔ ነኝ ከላይ አውርጄ መኪና ላይ የጫንኩት። ለሻለቃ ነገርኩት። ‹ሌላ መጋዝ ይሆናል› አለኝ። ሌላ መጋዝ የለንም እኮ።»

«ወንድምህ ሲመለስ አይተኸዋል?»

«ተመልሷል አሉኝ። ከኋለኛው መኪና ጋ ያለ መስሎኝ ነበር።» ሞረዱን አቆመ። «እትዬ፣ እርስዎ ብዙ እሳት አይተዋል ይላሉ። እርጥብ እንጨት ሲቃጠል ድምፅ አለው አይደል?»

«አለው። ያፏጫል።»

«የሰው ድምፅ ይመስላል?»

መርማሪዋ ለጠየቀችው መልስ አግኝታ ያልጠየቀችውም ተጨምሮላታል።

«ማነው እርጥብ እንጨት ነው ያለህ?»

«ሻለቃ። ያን ጊዜ እሳቱ ውስጥ የሆነ ነገር ሰማሁና ነገርኩት። ‹እርጥብ እንጨት ነው፣ አትስማው› አለኝ።» ሞረዱን መልሶ አነሣ። «እኔ ግን እየሰማሁት ነው።»

የሟቹ ሚስት ቤት ሩቅ አልነበረም። አጥር ላይ ታጥበው የተሰጡ ሱሪዎች ነበሩ፤ እግራቸው መሬት ሊነካ ምንም አልቀረው። ሴትየዋ ለምን እንዳጠበቻቸው ራሷም አታውቅም። መርማሪዋን ወደ ቤት አስገብታ ወንበር ሰጠቻት፤ ባለወንበሯም ለአንድ ቀን የሰው ወንበር ላይ ተቀመጠች።

«ለብረት ብሎ ነው የሞተው አሉኝ» አለች ሚስቲቱ። ዓይኗ ደርቋል። «አንዴ ከተመለሰ በኋላ ለመጋዝ ብሎ ወጣ። ልጆቼ ‹አባባ ለምን እንደገና ሄደ?› ይሉኛል። ምን ልበላቸው? ከእናንተ መጋዙ በልጦበት ልበላቸው?»

«አልቅሰሻል?»

«ተናድጄ እንዴት ላልቅስ? ቀብሩ ላይ ቆሜ ስሰድበው ነበር፤ በሆዴ። ለባሏ የማታለቅስ ምን ዓይነት ሴት ነኝ?»

መርማሪዋ ወንበሩን ወደ እሷ አስጠጋች።

«ወንድሙም እግሩን ከቤቴ አነሣ» ቀጠለች ሴትየዋ። «ማታ ማታ እዚህ ነበር የሚበላው። ከቀብሩ ወዲህ አንድ ቀን አልመጣም። መንገድ ላይ ሲያየኝ በሌላ መንገድ ይታጠፋል። እሱን ምን አደረግሁት?»

ቃፊሯን መርማሪዋ ያነጋገረቻት ኮረብታው ላይ ነው። ጭልፊት እንቅልፍ ያጣ ዓይኗን እያሸች ከፊት ከፊት ወጣች፤ ከቢጫው ሣር አጠገብ ስትደርስ ዞር ብላ ሳታይ አለፈችው። ትንሽ ከፍ ብሎ መሬቱ ወደ ጠባብ ሸለቆ ይገባል። ረጅሙ ወደ እሷ ይወጣ የነበረው በዚያ በኩል ነው።

«እኔ ነኝ የገደልኩት» አለች ሳትጠየቅ። «ጮክ ብዬ መጥራት ነበረብኝ። እሳቱ ወደ ሸለቆው ሲጠመዘዝ አየሁት። ረጅሙ ደግሞ በዚያ በኩል እየወጣ ነው። በሬዲዮ ጠራሁት። ወይ አልሰማኝም፣ ወይ ሰምቶ እምቢ አለ። ኋላ መጋዝ ፍለጋ ነበር ሲሉኝ እምቢ ብሎኝ ነው አልኩ።»

«ምን ብለሽ ነው የጠራሽው? ቃሉን ንገሪኝ።»

«‹ረጅሙ፣ ተመለስ!› ነዋ።»

«‹ተመለሰ› አላልሽም?»

«ሳላየው እንዴት ተመለሰ እላለሁ? ወዲያው ጭስ ዋጠው።»

«ከጆሮ ጋር ስለዚህ ተነጋግራችኋል?»

«ከቀብሩ ወዲህ ማን ከማን ጋር ይነጋገራል?»

ከሸለቆው ሥር ምንጭ ያረጠበው ጭቃ ነበር፤ በእሳቱ ግለት ደርቆ ጡብ ሆኗል። ጡቡ ላይ የቦት ጫማ ዱካ ታትሞ ቀርቷል። መርማሪዋ ተንበረከከች፤ ጉልበቷ ሲጮህ አልሰማችውም። ዱካው የአንድ ሰው ነው፤ እንዲህ ያለ ትልቅ እግር በጓዱ ውስጥ ሁለት የለም። አንድ ጊዜ ወደ ላይ ሄዷል፤ ተረከዙ ሳይከብድ። አንድ ጊዜ ደግሞ ወደ ታች ወርዷል፤ እርምጃው የተራራቀ፣ የሚሮጥ ሰው። ሌላ ዱካ አልነበረም።

ጭልፊት ቆማ አየችና አፏን በእጇ ያዘች። «ሰምቶኛል» አለች።

«ሰምቶሻል። ወዲያውም ዞሯል።»

«ታዲያ... ታዲያ ከታች ምን አገኘው?»

መርማሪዋ ወደ መንገዱ አየች። ከመንገዱ እስከ ሣሩ ድረስ መሬቱ ያለ አንዳች ክፍተት ጥቁር ነበር። ጭልፊትም ዓይኗን ተከትላ አየች፤ ከዚያ በኋላ አልጠየቀችም።

በማግስቱ ጠዋት ሁሉም በጣቢያው የመመገቢያ ክፍል ተሰበሰቡ። ሻለቃ፣ ጆሮ፣ ጭልፊት፣ ክብሪት። የሟቹ ሚስትም መርማሪዋ ስለጠራቻት መጣች፤ ክብሪት ሲያያት አንገቱን ደፋ። ሻለቃ ከመቀመጡ በፊት ወደ መርማሪዋ ጠጋ ብሎ በሹክሹክታ፦ «ልጁ ይውጣ። ስለ ፈጠረዎት፣ ልጁ ይውጣ» አላት።

ክብሪት ሰማ። «አልወጣም» አለ።

መርማሪዋ ወደ እሱ ዞረች። «ልጄ፣ የምናገረው ከባድ ነው። ለብቻህ ልንገርህ ብል ይሻልሃል?»

«እዚሁ ይንገሩኝ። ካልነገሩኝ እኔ ለራሴ ከዚህ የባሰ ነው የምነግረው።»

«እሺ። እኔ ሰው ለማሳሰር አልመጣሁም፤ እሱን የሚሠራ ሌላ መሥሪያ ቤት አለ። የመጣሁት ለሚቀጥለው ሟች ብዬ ነው። እሱ አሁን በሕይወት አለ። ምናልባትም እዚህ ክፍል ውስጥ ተቀምጧል።» ማንም ሰው ወደ ማንም አላየም። «አስቀድመን አንድ ነገር እንሞክር። ጭልፊት፣ ሬዲዮውን ይዘሽ ውጪ ሁኚ። እንደተባባልነው አንድ ነገር ትናገሪያለሽ። ሥራ ላይ እንደለመድሽው አድርገሽ።»

ጭልፊት ወጣች። ጠረጴዛው ላይ ያለው ሬዲዮ አንኮሻኮሸ፤ ሁሉም እንደ ልማዳቸው ደነዘዙ። ከዚያም ቃሉ መጣ፤ አጭርና ጭራው የተቆረጠ።

«ምን አለች?» አለች መርማሪዋ። «ጆሮ?»

«‹ሾፌሩ ተመለሰ› ነው ያለችው። ይህማ ግልጽ ነው።»

«ሻለቃስ?»

«‹ተመለሰ›።»

«አንቺስ እህቴ?» አለች ወደ ሟቹ ሚስት ዞራ።

ሴትየዋ አመነታች። «እኔ ‹ተመለስ› ነው የሰማሁት» አለች ቀስ ብላ። «ምናልባት ሰሞኑን የምለው እሱን ብቻ ስለሆነ ይሆናል።»

ጭልፊት በሩ ላይ ቆመች። ፊቷ አመድ መስሏል። «‹ሾፌሩ፣ ተመለስ› ነው ያልኩት» አለች። «ያን ቀንም ‹ረጅሙ፣ ተመለስ› ነው ያልኩት።»

ጆሮ ሊነሣ ሞከረና ተመልሶ ተቀመጠ። «አይደለም» አለ። «አይደለም፤ በጆሮዬ ነው የሰማሁት።»

«የሰማኸው ‹ተመለስ›ን ነው» አለች መርማሪዋ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «የሷ ስ ሳድስ ነበረች። ሁሉም የቃሉን ጭራ ስለሚበሉብህ አንተ ሰው የሚያስቀረውን መሙላት ለመድክ። ይህቺ ‹ስ› ሙሉ ሆና ብትመጣም የተቆረጠች መሰለችህና በግዕዙ ሰ ሞላሃት። ምክንያቱም ሻለቃ ‹ተመለሰ ወይ?› እያለ ሲጠይቅህ፣ አንተም ‹ተመለሰ› የሚል ቃል ስትጠብቅ ነበርክ። ‹ና› የተባለውን ሰው ‹መጥቷል› አደረግኸው። ይህ የአንተ ጥፋት ብቻ አይደለም። ባትሪ የከለከሏችሁም አሉበት፤ የቃሉን ጭራ መብላት የለመዳችሁትም ሁላችሁ አላችሁበት። አሁን ሻለቃም የሰማውን አይታችኋል።»

ጆሮ ሁለት እጁን ፊቱ ላይ ጫነ።

«ከዚያ በኋላ ሁላችሁንም አንድ ጥያቄ ጠየቅኳችሁ፤ ሲመለስ አይታችሁታል ወይ? ከሁላችሁም በአንድ ራስ የሚበልጥ ሰው ነው። ሲመለስ ያየው የለም። ሻለቃ ጆሮ ነገረኝ አለ፤ ጆሮ ጭልፊት አየችው አለ፤ ክብሪት ከወዲያኛው መኪና ጋ ያለ መሰለው። ጭልፊት ደግሞ ጭስ ነው ያየችው። ስለዚህ ሁለት ጊዜ አልወጣም። ጭቃው ላይ ያለው ዱካም ይኸው ነው፤ አንድ ጊዜ ወጥቷል፣ አንድ ጊዜ እየሮጠ ወርዷል። መጋዙም የትም አልተረሳም፤ መጋዘን ውስጥ ነው።»

የሟቹ ሚስት ቀና አለች። «መጋዝ አልነበረም?»

«አልነበረም እህቴ። ሲወጣ ተልኮ ነው፤ ተመለስ ሲባል ወዲያው ተመልሷል። ትእዛዝም አልጣሰም፣ ማንንም አልተወም። ሲሞት ወደ ቤቱ እየመጣ ነበር።»

ሴትየዋ ወደ ክብሪት አየች።

«አሁን የቀረው እሳቱ ነው» አለች መርማሪዋ። ወደ ክብሪት አየች፤ እሱ አንገቱን ነቀነቀላት። «ድንጋዮቹ የጠቆሩት በመንገዱ በኩል ነው። እሳት ድንጋይን የሚያጠቁረው በመጣበት በኩል ነው። ሁላችሁም የተማራችሁት ደግሞ አለ፦ ማምለጥ ካልቻልክ በሆድህ ተኛ፣ ፊትህን ሸፍን፣ እግርህን ወደ እሳቱ አድርግ። ረጅሙ ጎበዝ ተማሪ ነበር። የሣሩ ሰፊው በኩል፣ የትከሻው ቦታ፣ ወደ ኮረብታው ነው። እግሩ ወደ መንገዱ ነበር።»

ሻለቃ ከወንበሩ ተነሣ።

«ሻለቃ ይህን የዚያኑ ዕለት አንብቦታል» አለች፤ ከዚያ ወዲህ አንቱታውን ተወችው። «ብቻህን የወጣኸው ለዚህ ነው፤ የመጋዙን ታሪክም የፈጠርከው ለዚህ ነው።»

«ለልጁ ብዬ ነው!» ሻለቃ ድምፁ ተመልሶለት ጮኸ። «በገዛ እጁ መሆኑን አውቆ እንዴት ይኑር? ዕድሜ ልኩን! አንቺ ብትሆኚ ትነግሪው ነበር?»

«ለልጁም ነው፣ ለራስህም ነው። ከመለኮሱ በፊት ሰዎችህን በዓይንህ መቁጠር የአንተ ሥራ ነበር። ሁለተኛው ነገር ደግሞ፣ ልጁን አላተረፍከውም። እርጥብ እንጨት ነው ብለህ ከሚሰማው ነገር ጋር ብቻውን ተውከው። በየቀኑ ሰው ሁሉን ሲጠይቅ አልሰማህም?»

ሻለቃ ተቀመጠ። «ስሜን ጻፊ» አለ። «ጥፋተኛው እኔ ነኝ ብለሽ ጻፊ።»

«ውሸቱን በስምህ እጽፋለሁ። ለሞቱ ግን የአንድ ሰው ስም አይበቃም። ከዛሬ ጀምሮ ‹ተመለስ› የሚባል ቃል በሬዲዮ አይነገርም፤ ‹ውረድ› በሉ። የተመለሰ ሰው በራሱ አንደበት ‹እኔ እዚህ ነኝ› ይበል፤ ማንም ስለ ማንም አይናገር። ለኳሽ ሁሉንም በዓይኑ ሳያይ እሳት አይጫርም፤ ማንም ቢያዘው። ባትሪውን ደግሞ ራሴ አስጠይቃለሁ።» ይህን የምትለው ለሥራዋ ነው፤ ዓይኗ ግን ክብሪት ላይ ነበር።

ክብሪት ቀና ብሎ አያት። «እርጥብ እንጨት አልነበረማ» አለ።

«አልነበረም ልጄ።»

ማንም አልተነሣም። ጆሮ ግድግዳውን ያያል፤ ጭልፊት በሩ ላይ እንደቆመች ነው። የሟቹ ሚስት ግን ተነሣች። የምትወጣ መስሏቸው መንገድ ለቀቁላት። እሷ ክብሪት ፊት ሄዳ ቆመች፤ ክብሪትም የሚመጣውን ሁሉ ለመቀበል ዓይኑን ጨፈነ።

«ምንድን ነበር የሰማኸው?» አለችው።

«ተይኝ እታለም።»

«ብቻህን አትስማው። ለእኔም ንገረኝ።»

«አልችልም።»

«የኔ ባል እኮ ነው። የመጨረሻ ቃሉ ለእኔም ይገባኛል።»

ክብሪት ዓይኑን ሳይገልጥ ተናገረ። «ስሜን ጠራ። ስሜን ጠርቶ ‹ሽሽ!› አለ። እሳቱ ወደ እኔ የሚመጣ መስሎት ነበር። ‹ሽሽ፣ ተወኝ፣ ሽሽ!› ነበር የሚለው። የለኮስኩት እኔ መሆኔን አላወቀም።»

ሴትየዋ ተንበርክካ ራሱን ወደ ደረቷ ሳበችው።

«አዎ፣ እሱ ነው» አለች። «እሱ ነው፤ ሌላ ማንም እንዲህ አይልም።»

ከቀብሩ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ድምፅዋን አውጥታ አለቀሰች።